ሙሉ ትንፋሽ

በጉድባ ጥሩምባ የሚነፋ ሰው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኖታል። የመጨረሻው ነፊ መኳንንት ነበር። ሰው ሲሞት ከሰፈሩ አናት ላይ ቆሞ የእድሩን ጥሩምባ ይነፋል። አንድ ቀን ግን ከንፈሩን አሹሎ፣ ጉንጩን ወጥሮ ቢገፋ ቢገፋ የወጣው ሲር የሚል የድመት ድምፅ ብቻ ሆነ። ለቀስተኛው ፈገግ አለ፤ የሟች ልጆች ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሞት የሚነገረው በርሜል በብረት በመምታት ነው። ብረት ሳንባ አይፈልግም።

ጉድባ ከወፍጮው በታች ያለው ሰፈር ነው። ወፍጮው እህል አይፈጭም፤ ከየአገሩ ተጭኖ የሚመጣ አሮጌ ባትሪ ነው የሚፈጨው። ዱቄቱ ጥቁር ነው፤ በጣሪያ፣ በምጣድ፣ በሕፃን ቅንድብ ላይ ያርፋል። ከሰፈሩ በላይ፣ ከገደሉ ጫፍ ላይ አፋፍ የሚባል ሰፈር አለ። አፋፍ የሚኖሩት የወፍጮው ባለቤቶች፣ ሐኪሞቹና መምህራኑ ከነልጆቻቸው ናቸው። የእነሱ አየር ከተራራው በወፍራም ቧንቧ ይመጣና በጉድባ ቤቶች ወለል ሥር አልፎ ሽቅብ ይወጣል። መሬት ላይ የተኛ የጉድባ ሰው ጆሮውን ቢያስጠጋ ቧንቧው እንደ ደከመው በሬ ሲተነፍስ ይሰማዋል።

ጠዋት ሰው ከሰው ሲገናኝ "እንዴት አደርክ?" ይላል፤ ቀጥሎ "ምን ተፋህ?" ይላል። "ግራጫ፣ ተመስገን" ከተባለ ደህና ነው። "ጥቁር" ያለውም ሥራ ይሄዳል፤ መንገድ ብቻ ይለቁለታል።

ልጅ ስምንት ዓመት ሲሞላው መንፊያ የሚባለውን የትንፋሽ መለኪያ ይነፋል። በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው። የመንፊያው መርፌ አረንጓዴው ላይ ከደረሰ ሞልቷል ይባልና አፋፍ ወጥቶ ይማራል፤ ካልሞላ ወፍጮው ይቀበለዋል። ይህ ክፋት አይደለም፤ ጥናት ነው። ሳንባው የደከመ ልጅ ትምህርቱን ሳይጨርስ እንደሚቀር፣ ያልተማረ ሰው ወፍጮ እንደሚገባ፣ ወፍጮ የገባ ሰው የሚወልደውም ልጅ ሳንባው ደካማ እንደሚሆን ሦስት ትውልድ ተከታትለው አረጋግጠዋል። ጥናቱ ስህተት አልተገኘበትም። ስለዚህ ልጆቹን ከከንቱ ድካም ለማዳን ገና ከጠዋቱ ይለኳቸዋል። ከጉድባ ልጆች የሞላ እስካሁን የለም።

የመኳንንት የበኩር ልጅ አለባቸውም ነፍቶ አልሞላም። ወፍጮ ገባና ጢም ሳያወጣ ሞተ። እናቱም ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው። ለመኳንንት የቀረችው ስንዱ ናት። ስንዱ ጡት በጣለች ሰሞን አባቷ የቤቱን ወለል ቆፈረ፤ ቧንቧውን ካገኘው በኋላ የመርፌ ዓይን በምታክል ቀዳዳ በሳው፤ ቀጭን ጎማ ሰክቶ ጫፉን በልጅቱ ትራስ ሥር አወጣው። ከመብሳቱ በፊት አማተበ። ስርቆት መሆኑ አልጠፋውም። "ጌታዬ፣ አንተ ለአዳም ስትሰጠው በቧንቧ አልነበረም" አለ። ይህን ያለው ለጸሎት ነው እንጂ ለክርክር አልነበረም።

ስንዱ ስምንት ዓመት የሚሞላት ሰኞ ነበር። የወፍጮው ዘበኞች የመጡት ግን ቅዳሜ ነው።

አፋፍ ላይ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ራሳችንን አመመን ብለው ነበር። ሲመረመር የቧንቧው ግፊት ቀንሷል። ከጉድባ ቤቶች ሥር እንደተበሳ ታውቋል፤ ከየትኛው ቤት ሥር እንደሆነ ግን አልታወቀም። ቆፍሮ ለማየት መስመሩን ለግማሽ ቀን መዝጋት ያስፈልጋል። አፋፍን ለግማሽ ቀን ማፈን ደግሞ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ አውጫጭኝ ታዘዘ።

አውጫጭኝ የጥንት ሰው ነገር ነው። ሌባ ሲጠፋ አገሬው በአንድ በረት ይከተታል፤ ሌባው እስኪወጣ እህልም ውኃም የለም። የሚያጋልጠው ሰው "ወፍ" ይባላል። ወፉ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ "ወፍ ነገረን" ይባልና ነገሩ ያልቃል። ወፍጮው ይህን የተረሳ ሥርዓት ከተረሳበት ቆፍሮ ሲያወጣ ሁለት ነገር ብቻ ለወጠ። አንደኛ፣ ወፉን በአደባባይ ያስመርጣል። ሁለተኛ፣ እህልና ውኃውን ትቶ አየሩን ይዘጋል።

ሰፈርተኛው ሁሉ በእድሩ አዳራሽ ታጎረ። መስኮቶቹ በብረት ተከደኑ፤ የጣሪያው ማናፈሻ ቆመ። ዘበኞቹ ጭምብል አጥልቀው ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። አለቃቸው ሃምሳ አለቃ ዝናቡ በሩን አስቆልፎ፣ "ሌባው ሲወጣ በሩ ይከፈታል" አለ። ከዚህ ሌላ ንግግር አላደረገም።

መጀመሪያ ላይ ሳቅ ነበር።

"ኧረ ሃምሳ አለቃ!" አለች እትዬ አስካለ። "አየሩን መቼ ከፍታችሁልን ነው ዛሬ የምትዘጉብን?"

"እትዬ፣ ሳቅሽን ቆጥቢ" አላት ደርቤ የሚባል የወፍጮ ጎረምሳ። "ያንቺ ሳቅ የሦስት ሰው አየር ይበላል።"

"አንተ ከሞትክ እኔው ነኝ ተሸክሜ የማስቀብርህ፤ ለኔ ይገባኛል!"

አዳራሹ ሳቀ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ። እትዬ አስካለ የሰፈሩን ሴቶች ሬሳ የምታጥብ፣ የምትገንዝ ሴት ናት። ባሏ ታፈሰ ከሞተ አርባው እንኳ አልወጣም። ከመኳንንት ጋር ግድግዳ ይጋራሉ፤ ስንዱን ያሳደገቻት እሷ ናት ቢባል ውሸት የለበትም። አሁንም ልጅቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጸጉሯን ትዳብሳለች። መኳንንት ከፊታቸው ቁጢጥ ብሎ ወለሉን ያያል።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። አየሩ ወፈረ፤ ግድግዳው ላበ። ሰው ወሬውን አቆመና አፉን ከፍቶ ተቀመጠ። ጥግ ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ጎረቤታቸው ትከሻ ላይ ጋደሉ። ጎረቤትየው የተኙ መስሎት ትከሻውን አመቻቸላቸው። ከንፈራቸው ሲጠቁር ነው የገባው። "ሞተዋል" አለ ለሃምሳ አለቃው። ሃምሳ አለቃውም ራሱን ነቀነቀ፤ አንድ ነገር እንደተመዘገበለት ሰው።

ደርቤ ይህን ሲያይ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሮጠ፤ ብረቱን በሁለት እጁ ያዘ። ዘበኛው አልቸኮለም። ዱላውን አንስቶ ክንዱ ላይ አሳረፈው፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። ደርቤ ጮኸ፤ ጩኸቱ ግን ሳይጨርሰው አለቀበት። ሁለተኛው ዱላ ጥርሱን አገኘው። እየጎተቱ አምጥተው መሃል ላይ ጣሉት፤ ሰዉ ቦታ ለቀቀለት።

"ወፍ ምረጡ" አለ ሃምሳ አለቃው።

የእድሩ ዳኛ ቦጋለ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ ለመናገር ሦስት ጊዜ ተነፈሱ። "መኳንንት ይሁን" አሉ።

"እኔ?" አለ መኳንንት።

"አንተ ነህ እንጂ። ይህን ሁሉ ዓመት ጥሩምባ ስትነፋ ያልሞተውን ሞተ ብለህ አታውቅም። ያየኸውን ተናገር፤ ያላየኸውን አትጨምር። ፍጠን ብቻ፣ ልጄ፤ እኔም እየሄድኩ ነው።"

ወፉ የሚናገረው በዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ነው፤ የእድሩ ድንኳንና ድስቶች መሃል። ሃምሳ አለቃው በሩን ዘጋና ጭምብሉን አወለቀ። እዚያ አየር ነበር። መኳንንት ሳያስበው አፉን ከፈተና እንደ ጠማው ከብት ጠጣው። ሃምሳ አለቃው እስኪጠግብ ጠበቀው።

"እሺ። ማን ነው?"

መኳንንት ወደዚህ ክፍል ሲገባ "እኔ ነኝ" ሊል ነበር። እግዚአብሔር ምስክሩ ነው፣ ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። ነገር ግን ሰኞ አለ። ከሰኞ ወዲያ ቢሰቅሉትም ግድ የለው። ሁለት ቀን ብቻ። በሕይወት ያለ ሰው ስም ቢጠራ ያ ሰው ይመታል። የሞተ ሰው ግን አይመታም፤ አይታፈንም፤ ሌቦች ወደሚጣሉበት ሥረኛው ወፍጮም አይወርድም። ሙት ወቃሽ አትሁን መባሉን ያውቃል። ነፍስ ይማር ይለዋል፤ ቅዳሴ ያስቀድስለታል፤ ታፈሰም ቢሆን ጎረቤት ነው፣ አይቀየመውም።

"ታፈሰ" አለ።

"የትኛው ታፈሰ?"

"ሟቹ።"

ሃምሳ አለቃው ጭምብሉን መልሶ አጠለቀ። "ሟች ቤት የለውም እንዴ?" አለ፤ መልስም አልጠበቀ።

መኳንንት ያኔ ነው የሠራውን ያወቀው። በጉድባ ሰው ሞተ ማለት ከነገር ወጣ ማለት ነው፤ እድሩም ስሙን ሰርዞ በሰላም ይሸኘዋል። በአፋፍ ደንብ ግን ቤት አይሞትም። ሃምሳ አለቃውን ክንዱን ሊይዝ እጁን ሰደደ፤ ሰውየው ግን አዳራሹ ውስጥ ገብቶ ነበር።

"ወፍ ተናግሯል። የታፈሰ ቤት ነው። ሚስቱን እዚህ አምጡልኝና በሩን እከፍታለሁ።"

አዳራሹ መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም ወደ እትዬ አስካለ ዞረ። ስንዱ ጭኗ ላይ ነበረች።

"ታፈሰ?" አለች አንዲት ሴት ቀስ ብላ። "ታፈሰ እኮ ከእኩዮቹ ሁሉ ሦስት ዓመት በልጦ ቆይቷል።"

ነገሩ ያን ጊዜ ተቀጣጠለ። በጉድባ ዕድሜ ማስረጃ ነው። "ለዚህ ነው ለካ!" አለ አንዱ። "ልጄ ስትታፈን ግድግዳው ወዲያ ይተነፍሱ ነበር!" አለች ሌላዋ። ለዚያች ሴት የልጇን ሬሳ ያጠበችላት እትዬ አስካለ ናት። አንድ እጅ ከነጠላዋ ያዛት፤ ሌላ እጅ ከጸጉሯ። ስንዱ ከጭኗ ተስፈንጥራ ወንበር ሥር ወደቀች።

እትዬ አስካለ ስትጎተት ዓይኗ መኳንንትን አገኘው። ታውቃለች። ግድግዳ የሚጋራ ሰው የማይሰማው ነገር የለም፤ የዚያን ጎማ ፉጨት ስድስት ዓመት ስትሰማ ኖራለች። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። "ልጅቷን አውጧት" አለች ብቻ። "ልጅቷ ይህን አትይ።"

ወደ ሃምሳ አለቃው ሊወስዷት ነበር ሐሳባቸው። ግን መንገዱ ረጅም ሆነ። መጀመሪያ የመታት ሰው እንዲፈጥኑ ብሎ ይሆናል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይቶ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቆጥር የለም። በጫማ መቷት፤ በወንበር እግር መቷት፤ አቅም ያጡት አሮጊቶች በነጠላቸው ጫፍ መቷት። እየመቱ ይስላሉ፤ ሳሉ ሲያቆማቸው ጉልበታቸውን ይዘው ያርፉና ተመልሰው ይመታሉ። ዘበኞቹ አልነኳትም። ወደፊትም አንድ እርምጃ አልራመዱም።

መኳንንት ወደ ሕዝቡ ጀርባ ደረሰ። "እኔ ነኝ!" አለ። ቃሉ ከደረቱ ተነስቶ ጉሮሮው ላይ ሞተ። ደግሞ ሞከረ፤ ሲር አለ። የፊቱን ሰው ሸሚዝ ይዞ ጎተተ፤ ሰውየው ሳይዞር በክርኑ ገፋው። መሬት ወደቀ። ከዚያ በእግሮች መሃል የእትዬ አስካለን እጅ አየ፤ መዳፉ ተዘርግቶ አንድ ሰው ቆሞበታል። ስድስት ጊዜ፣ ሰባት ጊዜ "እኔ ነኝ" አለ። ከእሱ በቀር የሰማው የለም።

"ተዉአት!"

ድምፁ ከላይ መጣ። ስንዱ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆማ ነበር።

"እሷ አይደለችም! የኛ ቤት ነው! አባዬ ነው የበሳው!"

አዳራሹ ጣሪያው ድረስ ሞላ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰው ደረት ሲወጣ በጉድባ ከተሰማ ዘመን የለውም፤ ያልተሰነጠቀ፣ ያልታጠፈ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ። የተነሳ እጅ ባለበት ቀረ። ዳኛ ቦጋለ ዓይናቸውን ገለጡ። ማንም ሰው ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ቀጥሎ መኳንንት ላይ ወረዱ። ጎኑ ሁለት ቦታ ሲሰበር ቆጠረው፤ ሦስተኛውን አልቆጠረውም። "ወፍ ነህ አንተ? ወፍ?" ይላል አንዱ፣ በየምቱ መሃል። ዘበኞቹ አሁን ተንቀሳቀሱ፤ ሰውን በዱላ ፈልቅቀው መኳንንትን ከሥር አወጡት፤ ግድግዳ አስደግፈው አስቀመጡት። እትዬ አስካለ ግን ከወደቀችበት አልተነሳችም። አንዲት ሴት አጎንብሳ አፍንጫዋ ላይ እጇን ያዘች፤ ከዚያ እጇን ወደ ራሷ አፍ ወሰደች።

ሃምሳ አለቃው ስንዱን ከወንበሩ አወረዳት። አልቆጣትም።

"የሰው ቃል ማስረጃ አይሆንም" አላት። "እዚህ አየር ሲያጥረው ያልሠራውን የማይናዘዝ የለም። እኛ የምንቀበለው መንፊያ ነው።" ለዘበኛው ምልክት ሰጠ፤ ዘበኛው መንፊያውን ከሻንጣ አወጣ። "ከሞላ አየሩን አግኝተሻል ማለት ነው። አባትሽ ወደ ሥረኛው ወፍጮ ይወርዳል።"

"ከዚያ መቼ ይወጣል?"

"አይወጣም።"

"እኔስ?"

"አንቺማ ሞልተሻል። መንፊያው ከየት አመጣሽው ብሎ አይጠይቅም። ዛሬውኑ አፋፍ ትገቢያለሽ።"

"ጋሼ፣ ካልሞላስ?"

"ካልሞላ ዋሽተሻል ማለት ነው። ሌባዋ ያቺ ነበረች፤ ሞታለች፤ ነገሩ አልቋል። አባትሽን ይዘሽ ቤትሽ ትሄጃለሽ። ሰኞ ግን ሌላ መንፊያ የለም። በዕድሜሽ አንዴ የምትነፊው ይህ ነው።"

ስንዱ አባቷን አየች። መኳንንት አፉ ደም ሞልቶ ነበር፤ ተፋውና እጁን ወደ እሷ ዘረጋ።

"ስንዱዬ" አለ። ቅርብ ስለነበረች ሰማችው። "ሙሉውን። እስከ መጨረሻው ንፊው። ወንድምሽ በሰማይ ያይሻል። እኔን ተይኝ፤ እኔ አልቄያለሁ። በእናትሽ አጥንት፣ ንፊው!"

መንፊያውን አፏ ላይ አደረጉላት። ደረቷን ነፋች፤ ትከሻዋ ተነሳ፤ ከቀሚሷ ሥር ጎኗ ሲለጠጥ መኳንንት አየ። ስድስት ዓመት የሰረቀው ሁሉ እዚያ ነበር። ፈገግ ለማለት ሞከረ። ልጅቱ ዓይኖቿን ከእሱ ላይ ሳትነቅል ትንፋሿን በአፍንጫዋ ቀስ አድርጋ ለቀቀችው፤ ወደ መንፊያው የገባው ሻማ የማያጠፋ ነበር።

መርፌው ተንቀጠቀጠና ከታች ቆመ።

መኳንንት "አይደለም!" አለ። "አይደለም፣ አልነፋችም!" ሲር አለ ብቻ።

"እንደ ሰፈሯ ነች" አለ ሃምሳ አለቃው። መንፊያውን ወደ ሻንጣው መለሰና በሩን አስከፈተ።

ሰው እየተደጋገፈ ወጣ። ውጭ የወፍጮው ዱቄት ይወርድ ነበር፤ ሰው ሁሉ አንጋጦ እሱኑ እንደ ጠበል ተቀበለው። እውነቱን የማያውቅ አልነበረም። ግን አንድ ላይ ገድለዋልና አንድ ላይ ዝም አሉ። ማንም ስለዚያ ቀን ለማንም እንዳይናገር የተማማለ የለም፤ መማማልም አላስፈለገ።

መኳንንት በስንዱ ትከሻ ተደግፎ ደጃፉን እንዳለፈ ቆመ።

"ለምን?" አላት።

"ታች እንዳትወርድ ነዋ።"

በጥፊ መታት። መትቷት አያውቅም ነበር። በደረቱ የቀረው ሁሉ በዚያ ጥፊ ወጣ፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። አየር ፍለጋ አፉን ይከፍታል፤ ጎኑ ሲወጋው ይዘጋዋል። ስንዱ ጉንጯን በመዳፏ ይዛ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀችው። አላለቀሰችም።

"አባዬ፣ ተነስ። እትዬ አስካለን እናንሳት።"

መነሳት አልቻለም። በአጠገባቸው የሚያልፉትን አየች፤ የሚያልፉት ወደ እሷ አላዩም። ልጅቱ ዞራ ብቻዋን ወደ አዳራሹ ገባች።

መኳንንት ደረጃው ላይ ተቀምጦ አደመጠ። ከውስጥ አንድ ከባድ ነገር በወለሉ ላይ ሲጎተት ተሰማው። ድምፁ ከአዳራሹ ጥግ ተነስቶ ወደ በሩ መጣ፤ አንዴም ለማረፍ አልቆመም።